«ሆስፒታል» እና «ሆስፒታሊ»፦ የእንግሊዝኛ ቃል በናይሮቢ አፍ

«ሆስፒታል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት ቀለም አለው፤ ሆስ፣ ፒ፣ ታል። እንግሊዛዊ ሲናገረው ድምፁ የሚጎላው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ተከታዮቹ ሁለቱ ደከም፣ አጠር ብለው ያልፋሉ። ይኸው ቃል ወደ ስዋሂሊ ሲገባ «ሆስፒታሊ» ተባለ። የቀለሙ ቁጥር ወደ አራት ከፍ አለ፤ ጉልበቱም ከ«ሆስ» ተነሥቶ «ታ» ላይ ዐረፈ። በናይሮቢ ሁለቱም አነጋገሮች በአንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰው አፍ ይሰማሉ። ከተማዋ ረጃጅሞቹን የእንግሊዝኛ ቃላት በየት በየት እንደ ቆረጠቻቸውና ጉልበታቸውን የት እንዳሳረፈችው ለመረዳት የባቡር ሐዲዱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የሬዲዮውንና የሰፈሩን ታሪክ መከተል ያስፈልጋል።

የሰዋስው ሰዎች «ቀለም» የሚሉት በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውንና አንድ አናባቢ ያለውን የቃል ክፋይ ነው። በረጅም ቃል ውስጥ ከቀለሞቹ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ፣ ረዝሞና ከፍ ብሎ ሲነገር አጽንኦት አለው ይባላል። በፊደል ያደገ ሰው ቀለም መቁጠር አያስቸግረውም፤ «በ» አንድ ቀለም ነው፣ «ቡ» ሌላ ነው፤ የሚያሳስተው ሳድሱ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። አጽንኦትን ግን የአማርኛ ጽሕፈት አያውቀውም፤ ቋንቋውም ቢሆን አጥብቆ አይፈልገውም። አማርኛ የሚፈልገው ጥብቀትን ነው። «ገና» ሲላላ የጊዜ ቃል ነው፣ ሲጠብቅ በዓል፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ተቀዳሚ ማለት ነው። ፊደሉ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ አንባቢው ከልጅነቱ በጆሮው ስለያዘው አይሳሳትም። የእንግሊዝኛ አጽንኦትም እንዲሁ ነው። በጽሑፉ ላይ የለም፣ ባለቋንቋው ግን ሳያስበው ያውቀዋል። ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ ዋናው መከራ እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉን አይቶ ማንበብ ይችላል፣ አይቶ መናገር ግን አይችልም።

አጽንኦቱ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። «ኢኮኖሚ» በእንግሊዝኛ ሁለተኛው ቀለም ላይ ይጎላል፤ «ኢኮኖሚክ» ሲሆን ወደ ሦስተኛው ይሸሻል። «ፎቶግራፍ» በመጀመሪያው፣ «ፎቶግራፈር» በሁለተኛው፣ «ፎቶግራፊክ» በሦስተኛው ይጎላሉ። ፈቃድ ማለት የሆነው «ፐርሚት» ስም ሲሆን በመጀመሪያው፣ መፍቀድ የሚለው ግስ ሲሆን በሁለተኛው ነው። ነገሩ ግን ጨርሶ ሥርዓት የለሽ አይደለም። በ«ሽን» እና በ«ኢክ» የሚያልቁ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻቸው በፊት ያለውን ቀለም ያጎላሉ፤ በ«ኢቲ» የሚያልቁት ደግሞ ከኋላ ሲቆጠር ሦስተኛውን። «ኤጁኬሽን» በ«ኬ»፣ «ዩኒቨርሲቲ» በ«ቨር» የሚጎሉት በዚህ የተነሣ ነው። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ለማስፈር እንግሊዞች ብዙ ደክመዋል፤ ጆን ዎከር በ1791 የአነባበብ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ፣ ዳንኤል ጆንስም በ1917 በድምፅ ምልክት የተጻፈ ሌላ መዝገበ ቃላት አወጣ (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኢትዮጵያ ግን የአጽንኦት ትምህርት ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር የመጣ አይደለም። በንባብ ቤት የግእዝ ተማሪ ቃሉን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ ወይም ሰያፍ ብሎ ለይቶ ድምፁን በቦታው ማንሣትና መጣል ይማራል፤ ያለ ቦታው ያነሣ ተማሪ ወዲያው ይታረማል።

ስዋሂሊ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር የተረጋጋ ቋንቋ ነው። ቀለሞቹ በአብዛኛው በአናባቢ ያልቃሉ፤ አጽንኦቱም ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ባለው ቀለም ላይ ይቀመጣል። ናይ-ሮ-ቢ በ«ሮ»፣ ሞምባሳ በ«ባ»፣ ነጻነት ማለት የሆነው «ኡሁሩ» በመካከለኛው «ሁ» ይጎላሉ። «ሰው» የሚለው «ምቱ» ሁለት ቀለም ነው፤ «ም» ብቻዋን አንድ ቀለም ሆና አጽንኦቱን ትይዛለች። ሕጉን የሚጥሱ ጥቂት ቃላት አሉ፤ ከእነርሱ ሁሉ የሚደንቀው «ባራባራ» ነው። ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ሲጎላ መንገድ ማለት ነው፣ አንድ ቀለም ወደ ኋላ ተመልሶ ሲጎላ ደግሞ በትክክል፣ እንደሚገባ ማለት ነው። የስዋሂሊ ልጅ ንባብ የሚጀምረው «ባ ቤ ቢ ቦ ቡ» እያለ በዜማ ነው፤ ሀ ሁ ሂ ከሚለው የኢትዮጵያ ልጅ ጋር በዚህ ይመሳሰላል። ቀለም ለሁለቱም ከፊደል ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው።

የእንግሊዝኛ ቃል ወደዚህ ቤት ሲገባ የቤቱን ሥርዓት ይከተላል። በተነባቢ የሚያልቀው ጭራው ላይ አናባቢ ይጨመርለታል፤ «ብላንኬት» ብላንኬቲ፣ «ፔንስል» ፔንሴሊ ይሆናል። የተጣበቁ ተነባቢዎች አንዳንዴ በመካከላቸው አናባቢ ይገባባቸዋል፤ «ክለብ» ኪላቡ የሆነው እንዲህ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተመሳሳይ ችግር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ ከፊት ያስገባል፤ «እስፖርት»፣ «እስኩል» ይላል። የስዋሂሊው ጭማሪ ከኋላ ስለሚመጣ ግን የቀለሙን ቁጥር ጨምሮ ብቻ አይቀርም፤ አጽንኦቱንም አብሮ ይጎትተዋል። እንግሊዛዊው በመጀመሪያው ቀለም የሚያጎላው የብስክሌት ስም በስዋሂሊ ባይስኬሊ ሆኖ በ«ኬ» ይጎላል፤ ቴሌቪሼኒም በ«ሼ»። «ኮምፒዩተር» ግን በሁለቱም ቋንቋ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ቀለም ስለሚያጎላ ብዙ ሳይናወጥ «ኮምፒዩታ» ሆኖ ገብቷል።

ስዋሂሊን በላቲን ፊደል ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ነው። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ቆይቶ፣ ወደዚያ የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት በ1844 ሞምባሳ ገባ። የስዋሂሊ ሰዋስው በ1850 አሳተመ፤ መዝገበ ቃላቱ ከሞተ በኋላ በ1882 ወጣ። በታኅሣሥ 1849 ከካምባ ሀገር ሆኖ በረዶ የለበሰውን ተራራ አየ፤ ስሙንም ከካምባ ሰዎች አፍ እንደ ሰማው ጻፈ። አገሪቱ በ1920 ቅኝ ግዛት ስትባል ያን ስም ወሰደች። የእንግሊዝ ሰፋሪዎች የመጀመሪያውን ቀለም አርዝመው «ኪንያ» ይሉ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ አጭሩ «ኬንያ» አሸነፈ። የአንዲት አገር ስም በአንድ አናባቢ ርዝመት ዘመኑን ሲለይ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ሰፋሪና ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በዚያች ቀለም ብቻ ይለዩ ነበር።

ናይሮቢ ከተማ ሆና የተነሣችው በ1899 የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ሲደርስባት ነው። ስሟ ማሳዮች ቀዝቃዛ ውኃ ለማለት «ኤንካሬ ናይሮቢ» ከሚሉት የተወሰደ ነው፤ ውኃ የሚለው ቃል ቀርቶ ቀዝቃዛ የሚለው ብቻ የከተማ ስም ሆነ። ሐዲዱን የሠሩት በአብዛኛው ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ፑንጃቢና ጉጃራቲ ከእነርሱ ጋር፣ ስዋሂሊ ከባሕር ዳርቻው፣ ኪኩዩና ካምባ ከአካባቢው፣ ሉኦ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ እንግሊዝኛ ከሹማምንቱ ጋር ገቡ። ከእነዚህ ውስጥ ኪኩዩ፣ ካምባና ሉኦ የቃና ቋንቋዎች ናቸው፤ ቀለም የሚለየው በጉልበቱ ሳይሆን በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ነው። እንግዲህ በአንድ ገበያ ሦስት ዓይነት ጆሮ ተገናኘ፤ አጽንኦቱ አንድ ቦታ የጸና የስዋሂሊ ጆሮ፣ ቃና የሚያዳምጥ የኪኩዩና የሉኦ ጆሮ፣ አጽንኦቱ የሚዘዋወር የእንግሊዝ ጆሮ።

በ1928 ሞምባሳ ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ የዛንዚባር ከተማን አነጋገር የመደበኛ ስዋሂሊ መሠረት አድርጎ መረጠ፤ በ1930 የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች የጋራ የስዋሂሊ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ጸሐፊ ፍሬድሪክ ጆንሰን ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት በ1939 ታተመ። ጽሕፈት ቤቱም ከ1942 እስከ 1952 ናይሮቢ ላይ ነበር፤ በ1948 ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ቢሮ እዚያው ከተማ ተከፈተ። ከእንግሊዝኛ የሚገባ ቃል ስንት ቀለም ይኑረው፣ ጭራው ላይ «ኢ» ይጨመር ወይስ «ኡ» የሚለው ሁሉ በዚህ ጊዜ የአጻጻፍ ጉዳይ ሆነ። ከባሕር ዳርቻው የሚመጡ ባለቋንቋዎች የሚሰማቸው ጠፍቶ ጉዳዩ በአብዛኛው በአውሮፓውያን እጅ መወሰኑ ያሳዝናል፤ ሥራው ግን ለስዋሂሊ ዛሬም የሚሠራበትን ጽሕፈት ሰጥቶታል።

እንግሊዝኛው የገባው በትምህርት ቤት ነው። ለአፍሪካውያን ልጆች የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ወይም በስዋሂሊ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የላይኛው ክፍል ቋንቋ ነበር። ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ኪኩዩ በሚባለው ቦታ በ1926 የተከፈተው አላያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛው ስም ያወጣ ነበር። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እዚያ ከመግባቱ በፊት በሊሙሩ አካባቢ ይማር ነበር። በ1986 በወጣው የአእምሮን ከቅኝ ግዛት መላቀቅ በሚመለከተው መጽሐፉ እንደ መሰከረው፣ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የኪኩዩ ነጻ ትምህርት ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ተወስደው በእንግሊዞች በሚመሩ ቦርዶች ሥር ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ በግቢው ኪኩዩ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፍ፣ ይቀጣ ወይም የሚያዋርድ ጽሑፍ ያለበት ብረት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር። ጥፋተኛውን ለማግኘት አንድ የልብስ ቁልፍ በአፍ መፍቻው ከተናገረ ልጅ ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። የእንግሊዝኛ ቃል አጽንኦት የተማረ የዚያ ዘመን ልጅ የተማረው በፍርሃት ነው። ይህ ጭካኔ የትምህርቱን ታሪክ ሲጽፉ የሚዘለል ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ዕድሜውን ሙሉ የሚሸማቀቀው ከዚያ የተነሣ ነው።

ከዚያ ቀደም ሲል ግን ነገሩን በተቃራኒው አቅጣጫ የወሰደ አንድ የናይሮቢ ሰው ነበር። ጆሞ ኬንያታ በ1920ዎቹ በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት የውኃ ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ በ1928 «ሙይግዊታንያ» የተባለውን የኪኩዩ ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረ። የወገኖቹን የመሬት አቤቱታ ይዞ ወደ ለንደን ሄደ፤ እዚያም ኑሮውን ከሚደግፍባቸው ሥራዎች አንዱ ከ1935 እስከ 1937 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የድምፅ ጥናት ክፍል ያገኘው ሆነ። ክፍሉን የሚመራው ያ የአነባበብ መዝገበ ቃላት ደራሲ ዳንኤል ጆንስ ነበር። ኬንያታ አብሯት የሠራው ተመራማሪ ሊሊያስ አርምስትሮንግ ትባላለች። በ1926 ከአይዳ ዋርድ ጋር ሆና የእንግሊዝኛን የድምፅ አወራረድ የሚያስተምር መጽሐፍ አውጥታለች፤ በመጽሐፉ አጽንኦት ያለው ቀለም በአጭር መስመር፣ የሌለው በነጥብ ይታያል። በ1934 ደግሞ ስለ ሶማሊ ቋንቋ ድምፆች ጽፋለች።

ኬንያታ የኪኩዩን ቃላትና ዓረፍተ ነገሮች ይናገራል፤ እርሷ የእያንዳንዱን ቀለም ከፍታና ዝቅታ ትመዘግባለች። የተገኘው ነገር ለእንግሊዝኛ ጆሮ አዲስ ነበር። በኪኩዩ የአንድ ቃል ቃና ብቻውን ሲነገር አንድ ዓይነት ነው፤ ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ይለወጣል፤ ጽሕፈቱ ግን ከዚህ አንዱንም አያሳይም። አርምስትሮንግ በታኅሣሥ 1937 በድንገት ሞተች፤ የኪኩዩን የድምፅና የቃና ሥርዓት የሚያጠናው መጽሐፏ በ1940 ታተመ። በኋላ የመጡ አጥኚዎች ብዙ አርመውበታል፤ ይሁን እንጂ ለዚያ ቋንቋ ቃና የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት ነው፤ የቆመውም በአንድ ሰው ድምፅ ላይ ነው። በናይሮቢ ዙሪያ የኪኩዩ ልጆች የእንግሊዝን አጽንኦት በቅጣት እንዲይዙ ከመገደዳቸው ዓመታት ቀድሞ በእንግሊዝ ዋና ከተማ የእንግሊዝ ምሁር የኪኩዩን ቃና ለመያዝ ከአንድ ኪኩዩ ፊት ተቀምጣ ትማር ነበር። ኬንያታ በ1963 የነጻይቱ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ1964 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የዚህ ሥራው ወሬ ግን ከድምፅ አጥኚዎች ክበብ ብዙም አልወጣም።

ናይሮቢ የእንግሊዝኛን ትምህርት ወደ ታችኛው ክፍል ያወረደችው በ1957 ነው። በከተማዋ የተቋቋመ ልዩ ማዕከል በእስያውያን ልጆች ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ማስተማርን ሞከረ፤ አዲሱ የአንደኛ ደረጃ አካሄድ ተባለ። ቀስ በቀስ ወደ አፍሪካውያን ልጆችም ተሻገረ። በ1964 የወጣው የኦሚንዴ የትምህርት ኮሚሽን ዘገባ እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ሲደግፍ ልጁ እንግሊዝኛን ከሰፋሪ ሳይሆን ከአገሩ መምህር አፍ መማር ጀመረ። መምህሩ ደግሞ ኪኩዩ ወይም ሉኦ ወይም ሉህያ ነው፤ እንግሊዝኛን የተማረው ከመጽሐፍ ነው፤ ቃሉን እንደ ተጻፈ፣ እያንዳንዱን ቀለም እኩል አድርጎ ያነብባል። ልጁም እንዲሁ ያዘ። ሬዲዮ ይህን ሊያርም ይችል ነበር፤ ናይሮቢ በ1928 ስርጭት ስትጀምር ግን ለእንግሊዝ ሰፋሪዎች ብቻ ነበር፤ በብዙኃኑ ቤት ሬዲዮ ሲገባ አንባቢዎቹም የአገር ልጆች ነበሩ።

ከዚህ የወጣው የኬንያ እንግሊዝኛ ዛሬ የራሱ መልክ አለው። የቋንቋ አጥኚው ዮሴፍ ሽሚድ በምሥራቅ አፍሪካ እንግሊዝኛ ላይ፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲው አልፍሬድ ቡሬጌያ ደግሞ በኬንያው ላይ ጽፈዋል፤ የቡሬጌያ መጽሐፍ በ2019 ወጣ። እንግሊዛዊ አጽንኦት በሌለው ቀለም ላይ አናባቢውን ያደበዝዘዋል፤ «ኮምፒዩተር» ሲል የመጨረሻው ድምፅ እምብዛም አይሰማም። የናይሮቢ ተናጋሪ አያደበዝዝም፤ እያንዳንዱ ቀለም ሙሉ አናባቢውን ይዞ ይወጣል፣ ጊዜውም ተቀራራቢ ነው። አዳማጭ ከሆነው ኢትዮጵያዊ ጆሮ አንጻር ይህ ጸጋ ነው። ኢስሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ኖረዋል፤ ሦስተኛ አገር እስኪሄዱም እንግሊዝኛ ተምረዋል። አማርኛም ቀለሞቹን አያደበዝዝምና የኬንያውን እንግሊዝኛ መስማት ቀልሏቸዋል፤ ችግሩ የሚጀምረው እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ሲደርሱ ነው። የሰፈሩም ስም ራሱ ተቆርጧል፤ እንግሊዞች «ኢስትሊ» ሲሉ የሰየሙት መካከለኛውን ተነባቢ ጥሎ ቀረ።

ለወጣቱ ቀለም መጫወቻ ነው። ከ1970ዎቹ ወዲህ በከተማዋ ምሥራቃዊ ሰፈሮች ያደገው ሼንግ የተባለው አነጋገር ስዋሂሊን፣ እንግሊዝኛንና የአገር ቋንቋዎችን ያቀላቅላል፤ ቃሉንም በቀለሙ ይቆርጠዋል፣ ይገለብጠዋል። ቡሩቡሩ የተባለው ሰፈር «ቡሩ»፣ ናይሮቢ «ናይ» ትባላለች። ታሪክ፣ ወሬ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ስቶሪ» ተገልብጦ «ሪስቶ» ሆኗል። ይህን የፈጠረ ልጅ ሰዋስው አልተማረም፤ ቃሉ በየት እንደሚቆረጥ ግን አሳምሮ ያውቃል፤ ቃሉን ገልብጦ መጫወት የሚችለው መቆረጫውን የሚሰማ ጆሮ ያለው ብቻ ነውና።

ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ወረቀት ከ60 ነጥብ ይታረማል፤ ከዚያ ውስጥ 30ው ለንግግር ችሎታ ነው። ንግግሩ ግን የሚፈተነው በጽሑፍ ነው። ተፈታኙ አጽንኦት ያለበትን ቀለም ያሰምርበታል፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቃላት ያወጣል፣ የማይነበበውን ፊደል ይለያል። አንድ ቃል በአፉ ሳይወጣ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ አሳምሮ የሚናገረውም ሊወድቅ ይችላል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈታኞችን አንድ በአንድ ማዳመጥ የማይቻል መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ሕጉን በቃል የያዘና ጆሮው የነቃ እንዳይለዩ የሚያደርግ ፈተና ነው። በታችኛው ክፍል የተሻለ ተሞክሯል። በ2015 በመላ አገሪቱ የተዘረጋው «ቱሶሜ» የተባለ የንባብ ፕሮግራም (ትርጉሙ «እናንብብ» ነው) በስዋሂሊም በእንግሊዝኛም ልጁ ድምፅን ከድምፅ እያገጣጠመ ቀለም እንዲሠራ፣ ከቀለም ቃል እንዲያወጣ ያስተምር ነበር።

በናይሮቢ ኮረብታ ላይ በ1901 ለአገሬው ሕሙማን የተከፈተ ሆስፒታል ነበር። በ1952 የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ስም ወጣለት፤ ከነጻነት በኋላ የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ተባለ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ሲጠራው ጉልበቱን በመጀመሪያው ቀለም ላይ ያደርጋል፤ በሽተኛ ይዞ የመጣው ዘመድ በስዋሂሊ ሲጠራው በ«ታ» ላይ። የሚኒባሱ ረዳት መንገደኛ ሲጣራ ግን የመጨረሻውን ቃል ትቶ «ኬንያታ» ይላል።